ከሶባ የመጣችው ከሳሼ

ወሬውን የሰማሁት እዚህ ሱዳን፣ ሃፍላ ውስጥ ነው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ከሱቅ ዐረቢ ገበያ ክርና ቁልፍ ገዝቼ ወደ ሰፈሬ ሳሃፋ ስመለስ የመስኮት ወንበር ደርሶኝ፣ አውቶቡሱ እስኪሞላ ድረስ ፊቴን በካርቶን ቁራጭ እያራገብኩ ተቀምጫለሁ። እዚያው ገበያው ጥግ ሻይ የምትሸጥ የአገሬ ልጅ ቴርሞሶቿን በዘንቢል ይዛ ገባችና አጠገቤ ተቀመጠች። ልጇ ዓርብ ዓርብ እኔ ዘንድ አማርኛ ትማራለች። ሰላምታችን ሳያልቅ ሳቋ መጣ።

"ምነው? ምን ተገኘ?" አልኳት።

"መምህርት፣ አልሰማሽም እንዴ? ዓርብ በልጆቹ ችሎት ፊት ልትቀርቢ ነው። ተከሰሻል።"

"እኔ?"

"አንቺ ነሻ!"

"ማን ነው የከሰሰኝ?"

"የኔዋ ናት። ወላሂ!" አለችና ዐይኔን ስታይ ቶሎ አስተካከለችው፤ "እሺ፣ በማርያም።"

መሐላውንም ረሳሁት። የእሷ ልጅ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት፤ እኔ ክፍል ስምንት ወር ስትቀመጥ አንዲት ቃል ከአፏ አልወጣችም። የተቀመጠችበት ወንበር ከሰሰሽ ብትለኝ ኖሮ ያን ያህል አልደነግጥም ነበር።

"እሷ ትናገራለች?" አልኩ፣ ሳላስበው።

"ቤት ውስጥማ ማን ችሏት! በዐረብኛ ሰፈሩን ሁሉ ትፈጀዋለች። በአማርኛ ነው እንጂ ምላሷ የሚታሰረው። አሁን ግን ሦስት ቀኗ ነው፤ ልብስ ማጠቢያው ሳፋ ፊት ቆማ 'ተጠየቂ! ተጠየቂ!' ትላለች። ሳፋው አንቺ ነሽ መሰለኝ።"

"ምን በድያት ነው?"

"እኔም ጠየቅኳት። 'ዓርብ ይታወቃል' አለችኝ። ጉድሽን ተቀበይ እንግዲህ።"

ወራጅ መሆኔን ለማሳወቅ ጣቴን ማጮህ ረስቼ ከቤቴ ሁለት ማቆሚያ አለፍኩ። በዚያ ፀሐይ በእግሬ ተመለስኩ።

ትምህርት ቤታችን ሳሃፋ ውስጥ የተከራየነው ቤት ነበር፤ ሦስት ክፍል፣ አንድ ግቢ፣ አንድ የኒም ዛፍ። ዓርብ የከተማው ትምህርት ቤት ሁሉ ሲዘጋ እኛ እንከፍታለን፤ እዚህ ተወልደው ያደጉ ልጆቻችን አማርኛ ማንበብና መጻፍ፣ ጥቂት ሒሳብም ይማራሉ። ከአስተማሪዎቹ በዕድሜ የሚበልጡት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ በሥራ ቀን ፍሪጅ ይጠግናሉ፤ ዓርብ ሒሳብ ያስተምራሉ። ያስተምራሉ ከማለት ይጫወታሉ ማለት ይቀላል። የገዛ ክፍላቸውን በር ያንኳኳሉ። "ቤቶች!" ይላሉ። ልጆቹ በአንድ ድምፅ "ማን እንበል?" ይላሉ። "አንድ ያረጀ ተማሪ ነኝ፣ አርፍጄ ነው፣ ባካችሁ አስገቡኝ!" ልጆቹ ይማከራሉ፤ አንዳንድ ቀን እምቢ ይሏቸዋል፣ እሳቸውም ደጅ ቆመው ይለምናሉ። እኔ ከጎረቤት ክፍል ሆኜ ይህን ስሰማ ከንፈሬን እነክስ ነበር።

ችሎቱንም ያመጡት እሳቸው ናቸው። ዓርብ ከዕረፍት በፊት አሥር ደቂቃ ተማሪ አስተማሪን ይከሳል። አስተማሪ ተማሪን መክሰስ አይችልም። "እኛ ሙሉ ቀን እንከሳቸው የለም እንዴ? አሥር ደቂቃ ለእነሱ ብንተው ምን እንጎዳለን?" ይላሉ። ሥርዓቱ የድሮው የአገራችን የሙግት ሥርዓት ነው። ከሳሽ ቆሞ "ተጠየቅ!" ይላል፣ ተከሳሽ "ልጠየቅ!" ብሎ ይመልሳል። ከሳሽና ተከሳሽ የልብሳቸው ጫፍ ለጫፍ ይታሰርና ነገሩ እስኪያልቅ ቁራኛ ሆነው ይቆያሉ። ተከሳሽ ዋስ ይጠራል። ዳኛው በዕጣ ከልጆቹ ይወጣል። በችሎት ፊት አንቱታ የለም። ጋሼ ራሳቸው በየሳምንቱ ይከሰሳሉ፤ አንዴ ለበዓል ዋዜማ የቤት ሥራ ሰጥተው ተፈረደባቸውና የሰባትን ማባዣ በአንድ እግራቸው ቆመው እንዲሉ ተገደዱ። ሰባት ጊዜ ስምንት ላይ ወደቁ። ልጆቹ ያን ዕለት የተማሩትን ማባዣ ዛሬም አይረሱትም መሰለኝ።

እኔ አልወደድኩትም ነበር፤ አልደብቅም። "ጋሼ፣ ፍርድ የእግዚአብሔር ነው፤ እንዴት መጫወቻ ይሆናል?" ብዬ ነግሬያቸዋለሁ።

"እህቴ፣ እነዚህ ልጆች ዐረብኛው እንደ ውሃ የሚፈስላቸው መቼ ነው? ሲጣሉ። እስቲ በአማርኛም መጣላት ይልመዱ።"

ልቤ ግን አልተቀበለውም። እኔ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የምሰፋ ሰው ነኝ፤ መቀስ ከማንሳቴ በፊት ሦስቴ እለካለሁ። ክፍል ውስጥም እንዲሁ ነበርኩ። በሁለት ዓመት አንድም ቀን ተከስሼ አላውቅም፤ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ በዚህ ትንሽ እኮራ ነበር።

የእኔ ጨዋታ አንድ ብቻ ነበር፤ እንቆቅልሽ። ከመሄዳችን በፊት "እንቆቅልሽ!" እላለሁ፣ "ምን አውቅልሽ!" ይላሉ። ያላወቀ ሀገር ይሰጣል። እኛ በልጅነታችን ጎንደርን ጎጃምን ነበር የምንሰጠው፤ እነዚህ ያላቸውን ይሰጣሉ። "ሀገር ስጪኝ!" ስል "ሱቅ ዐረቢን ሰጠሁሽ!" ትላለች አንዷ። እኔም እኮራባታለሁ፤ "ሱቅ ዐረቢ ገብቼ ምን አጥቼ! ሸማው ከፊቴ፣ ብርቱካኑ ከኋላዬ፣ ሾፌሩ ሁሉ ወንበር ሲለቅልኝ፤ አንቺ ግን ፀሐይ ላይ ቆመሽ የሞላ ሃፍላ ስትቆጥሪ!" ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል።

አሁን ወደ ከሳሼ ልመለስ። አባቷ ሱዳናዊ ናቸው፣ ቤታቸው ሶባ ነው፤ ሁለት ሃፍላ ቀይራ ነው የምትመጣው። በገባች በመጀመሪያው ሳምንት አንብቢ ብዬ አስነሣኋት። ቆመች፣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ አልወጣም። ከኋላ አንድ ሰው ኪኪ አለ። ዐይኗ እንባ ሞላ። ያን ቀን ለራሴ ቃል ገባሁ፤ ሁለተኛ ይችን ልጅ እንዲህ አላደርጋትም አልኩ። ከዚያ ወዲያ የንባብ ተራ በወንበሩ እየዞረ እሷ ጋ ሲደርስ አንድ ሥራ ይገኝልኛል፤ ሰሌዳ መጥረግ፣ ጠመኔ ማንሳት፣ መስኮት መክፈት። ዞር ስል ተራው ከእሷ አልፏል። በእንቆቅልሹም እዘላታለሁ። ይህን ምሕረት ብዬው ነበር።

ዓመቱ ሊያልቅ ግን አምስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። በመጨረሻው ዓርብ እያንዳንዱ ልጅ በክፍሉ ፊት አንድ ገጽ ያነባል፤ ያላነበበ ከስድስት ዓመት ሕፃናት ጋር ተቀምጦ እንደገና ይጀምራል። እሷ ደግሞ ለእናቷ ቁርጡን ነግራታለች፤ ከሕፃናቱ ጋር ካስቀመጡኝ ሁለተኛ አልመጣም። አባቷ "ተያት፣ አታስገድጃት" ብለዋል። እናቷን ግን ጎንደር ያሉት አያትየዋ በየሳምንቱ ስልክ ላይ "እስቲ ያቺን ልጅ አገናኚኝ" ይሏታል፤ ልጅቱ ስልኩን ይዛ "እሺ፣ እሺ" ብቻ ትላለች። አያትና የልጅ ልጅ በአንዲት "እሺ" ስንት ዓመት ይኖራሉ? እናትየው ይህን የነገረችኝ እዚያው ሃፍላ ላይ ነው፤ ሳቋ ካለቀ በኋላ።

ሐሙስን ኃጢአቴን ስፈልግ ዋልኩ። ተቆጥቻት አላውቅም። ደብተሯን አልቀደድኩም። አንድ ቀን ጣርሃዋን፣ ያን ነጭ የትምህርት ቤት ሻሽ፣ አስተካክይ ብያታለሁ፤ እሱ ይሆን? ነጠላዬን አጥቤ ተኮስኩ፤ እንደ እውነተኛ ችሎት። ማታ ጸሎቴ ላይ ራሴን ስከላከል አገኘሁትና አፈርኩ።

ዓርብ በር ላይ ጠበቀችኝ። ቀና ብላ አላየችኝም። ጋሼ ሰርግ እንደሚያጅብ ሰው ፈገግ ብለው የነጠላዬን ጫፍ ከጣርሃዋ ጫፍ ጋር አሰሩት። እንደዚያ ሆነን ግቢውን አቋርጠን ስንገባ ልጆቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ያያሉ። አንዱ "ኡስታዛ ታሰረች!" ብሎ ጮኸ። መምህርት በሉኝ ብል ብል የሚሉኝ ኡስታዛ ነው።

ዕጣው የደረሳት ዳኛ በዚያ ክፍል ምላሷ የሚፈራ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። የጋሼን መነጽር አድርጋለች፤ አፍንጫዋ ላይ አይቆምላትም።

"ተከሳሽ፣ ዋስ ጥሪ!" አለችኝ።

ዞር ብዬ ክፍሉን አየሁ። ሃያ የሚሆኑ ልጆች በአንድ ጊዜ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ።

"ጋሼ?" አልኩ።

"አስተማሪ ለአስተማሪ ዋስ አይሆንም" አሉ ጋሼ፣ ከደብተር ጀርባ ሆነው። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

"ማንም የለሽም?" አለች ዳኛዋ። "ሁለት ዓመት አስተምረሽ?"

"አልፈለግኩም እኮ እስከ ዛሬ።"

"እንግዲያው ዋስ እስክታገኚ ቀጠሮ! ከዕረፍት በኋላ። እስከዚያ ቁራኛ ሆነሽ ቆዪ።"

ዕረፍቱን ታስሬ ወጣሁ። ልጆቹ ከኒሙ ሥር በትልቅ ሳሕን ፉል ከበቡ፤ እኔ ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም፣ ከሳሼ ግን ርቧታል። ስለዚህ አብሬያት ቁጭ አልኩ። እጇን ወደ ዳቦው በዘረጋች ቁጥር ነጠላዬ ከራሴ ላይ ይንሸራተታል። ሦስተኛው ላይ እጇን ሰበሰበች። ዐይኗን ከሳሕኑ ሳታነሳ፣

"ኡስታዛ፣ አትበይም?" አለችኝ።

ስምንት ወር ሙሉ ስጠብቀው የነበረው አማርኛ ይህ ነበር።

"ጾም ነኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት።"

"ውሃም?"

"ውሃም።"

"እንደ ረመዳን?"

"እንደዚያ በይው።"

ትንሽ አሰበች። "ባባም ውሃ አይጠጣም" አለችና የውሃ ኩባያዋን ከፊቴ አንስታ በወዲያ ጎኗ ደበቀችልኝ። ከዚያ ትበላ ጀመር፤ ነጠላዬ እንዳይወድቅ እጇን ቀስ አድርጋ እየዘረጋች።

ዳኛዋ አፏን ዳቦ ሞልታ ከወዲያ ማዶ አየችን። "ምንድነው? ታረቃችሁ እንዴ? ክሱ ይቅር?"

"አይቀርም!" አለች ከሳሼ። ግቢው ሁሉ ሰማት። እሷም የገዛ ድምፅዋን ሰምታ የደነገጠች መሰለኝ።

ተመልሰን ገባን። ዳኛዋ እንደገና ዋስ ጠየቀችኝ፤ እንደገና ጣሪያው ታየ። ከጎኔ ነጠላዬ ሽቅብ ተሳበ። ከሳሼ እጇን አውጥታለች።

"እኔ ዋስ።"

"አንቺ ከሳሽ ነሽ እኮ!"

"እኔ ዋስ" አለች ደግማ።

ሁሉም ወደ ጋሼ ዞረ። ጋሼ ራሳቸውን አከኩ። "በሕጋችን ላይ አልተከለከለም" አሉ። "ያላ፣ ቀጥሉ!"

"ተጠየቂ!" አለችኝ።

"ልጠየቅ" አልኩ።

"ኡስታዛ ሁሉን ትጠይቂ። እሱን ትጠይቂ፣ እሷን ትጠይቂ። እኔ ጋ ስትመጪ ሰሌዳ ትጠርጊ።" ቆመች፣ ቃል ፈለገች፣ አገኘችው። "ሰሌዳው ንጹሕ ነው! ሁልጊዜ ንጹሕ ነው!"

ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

"ሶባ ሩቅ ነው። ሁለት ሃፍላ። እኔ መጣሁ፣ ቁጭ አልኩ፣ ሄድኩ። አንድ ቀን ሀገር ስጪኝ አላልሽኝም። ሁሉ ሰጠ። ሱቅ ዐረቢ ሰጡ፣ ኦምዱርማን ሰጡ። እኔም አለኝ። ሶባ አለኝ። ማንም አልጠየቀኝ።"

ከዚህ በኋላ የሳቀ የለም። ዳኛዋ እንኳን መነጽሩን አወለቀች።

"ተከሳሽ፣ ምን ትያለሽ?"

"ማዘኔ መስሎኝ ነው" አልኩ። "ያን ቀን ስታለቅሺ አይቼ..."

"ያን ቀን አለቀስኩ" አለች። "አንድ ቀን። ኻላስ።"

ሌሊቱን ሳዘጋጅ ያደርኩት መከላከያ ሁሉ የት እንደገባ አላውቅም። "ጥፋተኛ ነኝ" አልኩ። ዳኛዋ አጠገቧ ካሉት ልጆች ጋር ተንሾካሾከችና ፈረደች፤ በየዓርቡ ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ከሳሼን ነው፤ ከጠየቅኩ በኋላ እሷ እስክትናገር ዝም እላለሁ፤ ሰሌዳ መንካት ክልክል ነው።

ዝም ማለት እንዲህ ከባድ መሆኑን ፍርዱ ከጸና በኋላ ነው ያወቅኩት። በሚቀጥለው ዓርብ ገጹን አሳየኋትና ቆምኩ። እሷም ቆመች። ጊዜው እንዲያልፍልኝ በልቤ "እግዚኦ መሐረነ" ማለት ጀመርኩ፣ በጣቴ እየቆጠርኩ። አርባ አንዱ አለቀ። እጄ በራሱ ጊዜ ወደ ዳስተሩ ሲሄድ አየሁትና ዳስተሩን ወንበሬ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩበት። ሁለተኛውን ዙር ጀምሬ አሥራ ሁለት ላይ ስደርስ የመጀመሪያዋ ቃል መጣች። ያን ቀን ከቀሚሴ ኋላ ነጭ ጠመኔ ለብሼ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ በመንገድ ማንም አልነገረኝም። በሁለተኛው ዓርብ አርባ አንዱ ሳይሞላ ተናገረች። በሦስተኛው ሠላሳ አካባቢ። በአራተኛው አሥራ ሁለት። ልጆቹም ልክ እንደ እኔ ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠብቁ ነበር፤ ኪኪ ያለ አልነበረም።

የንባቡ ዕለት የክፍሉ አስተማሪ ውጭ ይቆያል፤ ልጆቹን በአፉ እንዳይረዳ ተብሎ ነው። የሚሰሙት ጋሼ ናቸው። እናቷ ያን ቀን ሻይዋን ትታ መጥታ ከኒሙ ሥር አብረን ቆምን። አቧራ ስለነበር የቆርቆሮ መስኮቶቹ ተዘግተዋል። የልጇ ስም ሲጠራ ሰማን። ከዚያ ዝምታ። እግዚኦ ማለት ጀመርኩ፤ አርባ አንዱን ጨርሼ፣ ሁለተኛውን ጀምሬ፣ ከዚያ ቁጥሩ ጠፋብኝ። እናትየው ክንዴን ጨምድዳ ይዛለች። የወንበር መጎተት ድምፅ መጣ። ቀጥሎ ክፍሉ በሙሉ ከት ብሎ ሳቀ።

ልገባ ተነቃነቅሁ። እናትየው ነጠላዬን ያዘችው። "የት? ዝም በይ ተብሎ አልተፈረደብሽም?" አለችኝ፤ የእሷም ፊት ግን ደም አልነበረበትም።

ሳቁ ቆመ። ከዚያ አንድ ቀጭን ድምፅ፣ ቃሉ ባይለየንም፣ መሄድ ጀመረ። አልተቋረጠም። መጨረሻ ላይ ጭብጨባ ሆነ። ወጣች፣ በቀጥታ ወደ ዚሩ፣ ወደዚያ የቀዘቀዘ የውሃ ማሰሮ ሄዳ ሁለት ኩባያ ውሃ ጠጣች፣ አፏን በጣርሃዋ ጠረገችና "አለፍኩ" አለች። "ምን አሳቃቸው?" ስላት ትከሻዋን ነቀነቀች። ጋሼን ጠየቅኩ። "አንብባለች፤ ሌላው የክፍሉ ጉዳይ ነው" ብለው ወረቀታቸውን አጠፉ።

ከዚያ በኋላ በከተማዋ የመጣውን ጦርነት ታውቃላችሁ። ሁላችንም ተበተንን፤ እኔ ዞሬ ዞሬ ተመልሼ ሳሃፋ ገብቻለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጋሼ ካይሮ ናቸው ይባላል። እሷና እናቷ በመተማ በኩል ተሻግረው አሁን ጎንደር አያቷ ቤት ናቸው። ስደውል ስልኩን የሚያነሱት አያትየዋ ናቸው፤ "ኧረ መምህርት፣ ይቺ ልጅ በወሬ ጆሮዬን አደነቆረችው!" ይሉኛል፤ ከድምፃቸው ግን ቅሬታ አይሰማም። ስልኩን ለእሷ ሲሰጡልኝ ሁልጊዜ ያንኑ፣ ያን ቀን ክፍሉን ምን እንዳሳቀው፣ እጠይቃታለሁ። እሷም እየሳቀች "እዚያ የነበሩትን ጠይቂ" ትለኛለች።

እሺ፣ ልጠይቅ። ያን ዓርብ በዚያ ክፍል የነበራችሁ ልጆቼ፣ ዛሬ ገዳሬፍም ሁኑ ካይሮ፣ አዲስ አበባም ሁኑ ሌላ አገር፣ እባካችሁ ንገሩኝ። የሳቃችሁት በእሷ ላይ ነው ወይስ ያሳቀቻችሁ እሷ ናት? በእሷ ላይ ከነበረም አትደብቁኝ፤ አልቆጣም፣ ብቻ ከዚያ ሳቅ በኋላ እንዴት አፏን እንደከፈተች ማወቅ እፈልጋለሁ። ተናግራ ያሳቀቻችሁ ከሆነ ደግሞ ያለችውን ቃል በቃል ላኩልኝ፤ አማርኛዋን አታርሙት።